ፏፏቴ ያለበት ዘፈን ያላችሁ

ዘፋኝ ሁሉ ፏፏቴ ይወዳል። ይሄን ያወቅሁት ትምህርት ቤት አይደለም። ከትምህርት ቤትማ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ስወጣ ይዤ የወጣሁት ቦርሳዬን ብቻ ነው። ያወቅሁት በክረምቱ፣ የእናቴ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተደግፌ የአገሩን ክሊፕ ሁሉ ድምፁን አጥፍቼ ሳይ ነው። ዘፋኙ ፍቅረኛው ትታው ስትሄድ ወደ ዘመድ አይሄድም፤ ሽማግሌም አይልክም። ቀጥ ብሎ ወደ ፏፏቴ ነው። እዚያ ይቆምና እጁን ይዘረጋል። ጫማው ደግሞ ሁልጊዜ ነጭ ነው። እኛ የመቱ ሰዎች ከሶር ፏፏቴ ጋር ጎረቤት ስለሆንን ጭቃውን እናውቀዋለን። እዚያ በነጭ ጫማ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው የሚያለቅሰው ለፍቅረኛው ሳይሆን ለጫማው ነው።

ድምፁን ለምን አጠፋኸው? ትሉኝ ይሆናል። ቤታችን ሐዘን ላይ ስለነበር ነው። ይኸው፣ ወግ ብዬ ጀምሬ ሐዘን አስገባሁባችሁ። ነገር አጀማመር አልችልበትም። ታላቅ ወንድሜ ታሪኩ ክረምቱ ሳይገባ ታሞ ሞተ። በቃ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው። በሁለት ከጻፍኩት ወጉ እዚሁ ያልቅብኛል።

ታሪኩ ከመቱ ጎሬ የምትመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። ሚኒባሷ ውስጥ ወንበር እንዳለ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሁልጊዜ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። ቤትም ሲገባ እንደዚያው ነው። ቆሞ ይበላል፣ እየተንጎራደደ ያወራል፣ ተኝቶ እንኳ እግሩ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ደህና ፎቶ የለውም። በስልክ ያነሳነው ሁሉ ጭስ ነው፦ ግማሽ ጆሮ፣ የሚሮጥ ክንድ፣ ከፎቶው ሊወጣ አንድ እግሩን ያነሳ ሰው። የጠራው ፎቶ የመታወቂያው ብቻ ነበር። እሱ ላይ ደግሞ ዶሮ ሰርቆ የተያዘ ሰው ይመስላል። እናቴ አሳድጋ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ልቅሶ ሊደርስ የገባው ሰው ሁሉ ቀና ይልና፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ከማለቱ በፊት «ምን አድርጎ ነው?» ሊል ምንም አይቀረው።

ከመታመሙ በፊት አንድ ቀን ታሪኩ ከሶር ልብሱ ርሶ መጣ።

«እማዬ፣ ክሊፕ ውስጥ ገባሁ!» አላት።

«ምን ውስጥ?»

«የዘፈን ክሊፕ! ትልቅ ዘፋኝ ነው ከአዲስ አበባ የመጣው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለሁበት። ጨፈርኩልሽ ነው የምልሽ። አንተ ባትኖር ክሊፑ አይኖርም ነበር ብለውኛል።»

«ማነው ዘፋኙ?» አልኩት እኔ።

«አልናገርም። እስኪለቀቅ ምስጢር ነው ተብያለሁ።»

የሰው ምስጢር ከመናኸሪያው በር ሳይወጣ ሲያራግፍ የኖረ ልጅ፣ በሕይወቱ ጠብቆ የቆየው ይሄንን አንዱን ነው። ይዞት ሄደ።

ልቅሶው በረድ ሲል፣ ዘመድ ወደየቤቱ ሲበተን፣ እናቴ ሱቁን እየዘጋች ድንገት «ያ ዘፈን ወጥቶ ይሆን?» አለች።

«የትኛው?»

«እሱ ያለበት። እስቲ ፈልግልኝ። ሲንቀሳቀስ ልየው።» ወደ ግድግዳው አየች። «ይሄን ቆሞ ያለውን ሰውዬ አላውቀውም።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሱቅ ስትዘጋ አንድ ጥያቄ ነው፦ «አገኘኸው?» ቁልፉ ገጭ ሲል «አገኘኸው?» ትላለች። እኔ «ነገ» እላለሁ። የቁልፍ ድምፅ ስሰማ ወደ ጓዳ መሸሽ ጀመርኩ።

ፍለጋው ሲጀመር መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ፏፏቴው አልነበረም። ስለ ኃጢአቱ ነው። ሐዘን ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። የኛ ሰፈር ደግሞ ደግ ነው፤ ጎረቤቱም አብሮ ይዘጋል። ጎረቤት ስለኔ ብሎ ዘግቶ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ዘፈን ልይ? ድምፁን ባጠፋውስ? ይሄን ጥያቄ ይዤ የእድራችን ሊቀመንበር ወደሆኑት ወደ ጋሼ በላቸው ሄድኩ። ለራሴ መሆኑን ግን አልነገርኳቸውም።

«ጋሼ፣ አንድ ጓደኛዬ አለ» አልኳቸው። «ሐዘን ላይ ነው። ድምፅ የሌለው ዘፈን ቢያይ እንደ ዘፈን ይቆጠርበታል?»

ጋሼ በላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። የለበስኩትን ጥቁር ሸሚዝ አዩ። እድሩ ድንኳን የተከለው እኛ ቤት መሆኑን ያስታወሱ መሰለኝ።

«ለጓደኛህ ንገረው» አሉ። «ድምፅ የሌለው ዘፈን ጌሾ የሌለው ጠላ ነው። አያሰክርም። ግን ምን አስጨንቆት ይጠጣዋል?»

አያሰክርም ማለታቸውን ፈቃድ አድርጌ ወሰድኩት። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳልሰማ ሆንኩ። የጆሮ ማዳመጫ ለምን አላደረግህም የምትሉ ካላችሁ፣ እናቴ ከነጥቁር ልብሷ ተቀምጣ እኔ ጆሮዬ ላይ ገመድ ሰክቼ ስትመለከቱኝ አስቡት። ገመድ የሰካ ሰው ባይወዛወዝም የሚወዛወዝ ይመስላል።

በመጀመሪያ እንደ ጨዋ ሰው ጠየቅሁ። ስልኬ ላይ ቻናል ከፈትኩና «ሶር ላይ የተቀረጸ የዘፈን ክሊፕ የምታውቁ ብትተባበሩኝ» ብዬ ጻፍኩ። ስሜን አልጻፍኩም፤ ክሊፕ እንዲላክልኝ የስልክ ቁጥሬን ብቻ አስቀመጥኩ። ማንም አልመለሰም። አንድ ሰው ብቻ አውራ ጣት ላከልኝ። የምን አውራ ጣት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሲጨንቀኝ አንዱን ክሊፕ ለጠፍኩና ከሥሩ የመጣልኝን ጻፍኩ፦ «ይህን ክሊፕ የምወደው ዘፋኙ በየስንኙ ልብስ ስለሚቀይር ነው። ልጅቷ እስከ መጨረሻው አልመጣችም። እኔ ብሆን ግን ያንን ሁሉ ልብስ ማን ያጥባል ብዬ ነው የምቀረው። ሶርን የሚያሳይ ክሊፕ ያለው ይላክልኝ።» ከሰዓት በኋላ ስልኬ ሊፈነዳ ደረሰ። ሰው እንዲህ ነው፤ እባክህ ስትለው ይተኛል፣ ስታስቀው ይነቃል። «ይሄኛውንም እይልን»፣ «ይቺን ብትተችልን» እያለ ክሊፕ ይልክልኝ ጀመር። እኔም ቀጠልኩ።

አንዱ ላይ «የዚህ ዘፋኝ መኪና ታርጋዋ በወረቀት ተሸፍኗል፤ ፍቅሩም የኪራይ እንዳይሆን እሰጋለሁ» አልኩ። ሌላው ላይ «ገበሬ ሆኖ የሚሠራው ይህ ወጣት ሞፈሩን ገልብጦ ይዟል፤ በሬዎቹም ታዝበውት አንገታቸውን አዙረዋል» አልኩ። የኛን የቡና ጫካ ያሳየ ክሊፕ ሲመጣ «በጫካው ውስጥ የምትሮጠው ልጅ ማን እንዳባረራት አይታወቅም። እኛ አገር ግን እንዲህ የምትሮጠው ጉንዳን የገባባት ናት» ብዬ ጻፍኩ። ሰዉ ይስቃል። ድምፅ ስለማልሰማ ግጥሙ ስለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሰዎቹ ግን ሆን ብዬ የማደርገው መስሏቸው «ይሄ ልጅ አዋቂ ነው» ይሉኛል። እኔንም አዋቂነቱ ያዘኝ። መስተዋት ፊት ቆሜ አገጬን መያዝ ጀመርኩ።

ፏፏቴውም ይጎርፍ ጀመር። የማላየው ፏፏቴ አልቀረም። አንዱን ስለጥፍ «ይሄ ሶር ነው» ይላል የመቱ ልጅ። «ዓይንህን ታጠብ፣ ሶር እንዲህ አይቀጥንም» ይላል የኖፓው። «በጋ ላይ ነው የተቀረጸው» ይላል ሦስተኛው። «ኢሉባቦር ደግሞ በጋ መቼ አላት?» ይላል የጎሬው፣ እና ነገሩ ወደ ስድብ ይሄዳል። እኔ በዚህ መሀል ከዘፋኙ ኋላ የሚጨፍሩትን ሰዎች በጣቴ አሳድጌ አንድ በአንድ አያለሁ። ታሪኩ የለም። ማታ ቁልፉ ገጭ ይላል። «አገኘኸው?» «ነገ።»

እንዲህ ስል ነው አንዲት ልጅ የመጣችብኝ። በክሊፕ ማለቴ ነው። ሰው የላከልኝ ነው፤ ርዕሱ ላዩ ላይ የለም። ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ፀጉሯን የተሠራች ልጅ ኮረብታ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ዓይኗን ጨፍናለች። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እንባዋ ይወርዳል። ድምፅ የለም። እኔም ልቤ ተነካና ቀልዱን ትቼ ምክር ጻፍኩ፦

«ይህቺ ልጅ ታሳዝናለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትጠራዋለች፤ እሱ ግን ብቅ አላለም። እህቴ፣ እንዲህ የሚያስለቅስሽን ሰው ተይው። ለአንቺ የሚሆን ሰው አይደለም። መቱ ውስጥ ስንት ቁም ነገረኛ ወጣት አለ። (እኔንም ጨምሮ።)»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ጌታ ይቅር ይበልህ» ይላል አንዱ። «ጌታ ይቅር ይበልህ» ይላል ሌላው። እኔ እኮ ለጠፋው ፍቅረኛ የተባለ መስሎኝ «አሜን፣ ልብ ይስጠው» ብዬ መለስኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ኦቦ ፈይሳ ሱቃችን ገቡ። ኦቦ ፈይሳ ከኛ ሰፈር ታች ያለው የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ልጃቸው ለሊሴ ቆማለች። ከለሊሴ ጋር ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ስለነበርን ቻናሉ ላይ ያለው ቁጥር የኔ መሆኑን ታውቃለች። በሩ ላይ ቀረችና ዓይኗን ተከለችብኝ።

በኛ አገር ሐዘን ቤት የገባ ሰው በምንም ቢናደድ ወዲያው አይቆጣም። ወግ አለው። ኦቦ ፈይሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። በረጅሙ ተነፈሱ። እናቴም ተነፈሰች። እኔም ከባንኮኒው ኋላ ተነፈስኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» አሉ።

«አሜን» አልን።

ኦቦ ፈይሳ ወደ ፎቶው ቀና ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉልበታቸው ላይ ያለው እጃቸው ግን ባርኔጣውን እየጨመቀ ነው።

«ጠንከር ይበሉ፣ እትዬ አስካለ።»

«ምን ይደረጋል፣ ኦቦ ፈይሳ።»

ኦቦ ፈይሳ እንደገና በረጅሙ ተነፈሱ። እኔ እንዲህ ያዘኑልን ሰው ናቸው እንዴ ብዬ ልቤ ራራ። ሻይ ላቅርብልዎ ልላቸው ስል ተናገሩ።

«እንግዲህ… በዚህ ጊዜ የሚነሳ ነገር አልነበረም።»

«ይናገሩ እንጂ» አለች እናቴ።

«ማሎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ልጅዎ…» በባርኔጣው አመለከቱኝ። «ልጄን በአገር ፊት ‹ጌታን ተይና እኔን አግቢኝ› ብሏታል።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። በዝግታ ነው የዞረችው፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቶሎ አይዞርም።

«ኧረ አግቢኝ አላልኩም!» አልኩ። «እኔ ማንንም… ለሊሴን መቼ…»

«ያቺ ነጭ ቀሚስ የለበሰችው እኔ ነኝ» አለች ለሊሴ ከበሩ። «መዝሙር ነው። ተይው ያልከኝ ሰው ደግሞ ጌታ ኢየሱስ ነው።»

«ፀጉርሽን ተሠርተሽ… አላወቅሁሽም እኮ።»

«እኔን ይቅር፣ እሱንም አላወቅኸውም? መዝሙርና ዘፈን አትለይም? ጆሮ የለህም?»

«ድምፁን አጥፍቼ ነው የማየው።»

«መዝሙር ድምፁን አጥፍተህ ታያለህ?»

«ሐዘን ላይ ስለሆንን።»

ኦቦ ፈይሳ ይሄን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ። ሰውየው ሊቆጡ ነው የመጡት፤ አሁን ግን በሐዘን ሥርዓት አክባሪነቴ ሊያመሰግኑኝ ይሁን በድፍረቴ ሊሰድቡኝ ግራ ገባቸው። እናቴ ግን ግራ አልገባትም።

«የምን ቻናል ነው? ምን እየጻፍክ ነው?»

ለሊሴ ስልኳን አውጥታ አነበበችላት። ስለ ልብሱም፣ ስለ በሬዎቹም፣ ስለ ጉንዳኑም። ስታነብ እሷው በመሀል አፏን እየያዘች ነው። እናቴ ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ጥቁር ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳብ አደረገችና፣ ጮክ ሳትል፣

«ፈልግ አልኩህ እንጂ ቀልድ አልኩህ?» አለች።

ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ እችል ነበር። እሷ ግን ፎቶው ሥር ተቀምጣ ነው የምትጠይቀኝ። እኔ ለሁለት ወንድማማች የሚበቃ አፍረት ለብቻዬ አፈርኩ።

«አይፍረዱበት፣ ኦቦ ፈይሳ» አለች ቀጥላ። «የሞተውን ልጄን እንዲፈልግልኝ የላክሁት እኔ ነኝ። ዘፈን ውስጥ አለሁ ብሎኝ ነበር። ሶር ሄጄ ጨፈርኩ ብሎኝ ነበር። እሱን ልይ ብዬ ነው።»

ኦቦ ፈይሳ ባርኔጣውን መጭመቅ አቆሙ። «ታሪኩ?» አሉ። «ታሪኩ እኮ…» አልጨረሱትም። ዝናብ ላይ ከመንገድ ሳያነሳ አሳልፏቸው የማያውቅ ልጅ መሆኑን ነው ሊናገሩ የጀመሩት። በኋላ ነገሩን።

ለሊሴ ግን ቁጣዋ ገና አላለቀም። ወደ ባንኮኒው ቀረበች። «ታዲያ ሰው አትጠይቅም? አፍ የለህም?»

«ጠይቄ ነበር።»

«የት?»

«ቻናሉ ላይ።»

«ቻናል አፍ ነው?» አለች። «የኔን መዝሙር የቀረጸው የጎሬው ቶሌራ ነው። በዚህ አገር ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚቀርጽ ሁሉ ያለሱ አይሠራም፤ መንገዱን የሚመራቸው፣ ዕቃ የሚሸከምላቸው እሱ ነው። ሂድና እሱን ጠይቀው። ከመሄድህ በፊት ግን የጻፍከውን አጥፋ።»

አጠፋሁት። እውነቱን ለመናገር «እኔንም ጨምሮ» የሚለውን ሳጠፋ ትንሽ አመነታሁ።

ጎሬ የሄድኩት በዚያችው በታሪኩ ሚኒባስ ነው። በሩ ላይ አዲስ ረዳት ቆሟል። «እባካችሁ፣ ጎሬ የምትሄዱ ግቡ» ይላል በለሰለሰ ድምፅ። እንዲህ በጨዋነት እየተለመነች ሚኒባስ መቼ ትሞላለች? ልነግረው ፈለግሁ። ከዚያ ግን ልናገር ስል የሚወጣው ንግግር ስላልሆነ አፌን ዘግቼ በመስኮቱ አየሁ። አቀበቱን ስንጨርስ ዓይኔን ጠረግሁ። አቧራ ነው እንዳልል ዝናብ ነበር።

የቶሌራ ፎቶ ቤት የሙሽሮች ፎቶ የተደረደረበት ጠባብ ክፍል ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ከወንበሩ ተነሳ። «የታሪኩ ወንድም? ያ አርፎ የማይቆመው?» አለ። ከዚያ ማልቀሱም መሳቁም መጣበትና ሁለቱንም ትቶ ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ ጥቁር ሸሚዜን አይቶ ድምፁን አጠፋው።

ዘፈኑ ከወጣ ቆይቷል። ያላገኘሁትም ፏፏቴ ስፈልግ ነው። በዚያ ቀን ከሶር የሚነሳው እንፋሎት ፏፏቴውን ሸፍኖት ከዘፋኙ ኋላ የሚታየው ነጭ ብቻ ነው፤ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ይመስላል። ክረምቱን ሙሉ ፏፏቴ ያለበትን ሳሳድድ፣ የምፈልገው ግን ፏፏቴ የማይታይበት ክሊፕ ነበር። ዓይኔን አፍጥጬ ከኋላው የሚጨፍሩትን ፈለግሁ። ደግሞ የሚጨፍርም የለም። ዘፋኙ ብቻውን ነው።

«የታለ?» አልኩ።

«እዚያ አታገኘውም። ካሜራው አጠገብ ነበር። ያ የሚያብለጨለጭ ክብ ነገር የለም? የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ሰው ፊት ላይ የሚመልሰው? ያዡ ታሞ ቀረ። ታሪኩ ዘፋኙን አድርሶ ቆሞ ሲያይ ነበርና ‹አምጡት፣ እኔ እይዛለሁ› አለ። ግን ዘፈኑ ሲከፈት አርፎ መቆም አቃተው። ‹አትጨፍር!› ይሉታል። ‹እሺ› ይላል። እንደገና ዘፈኑ ይከፈታል፣ እንደገና ይጨፍራል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው በዚያው ቀረጹት። አሁን ዘፋኙን ተወው። ፊቱ ላይ ያለውን ብርሃን እይ።»

አየሁ። ብርሃኑ ዘፋኙ ግንባር ላይ ነበር። ወደ ጉንጩ ወረደ። ተመለሰ። ትከሻው ላይ ዘለለና እስክስታ መታ። ከበሮው በሚመታበት ላይ ነው መሰለኝ፤ ድምፅ ባይኖርም አወቅሁት። ይሄን ሁሉ ክሊፕ የተቸሁ አዋቂ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ፀሐይ ብቻ መስሎኝ።

ቶሌራ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ወደ መቱ ስመለስ ለእናቴ ምን ልበላት እያልኩ ነበር። ፊቱን ልይ ያለች ሰው ብርሃን ይዘንላት ስንሄድ! አሁንም ቀልድህን ቀጠልክ ብትለኝስ?

ሱቁ ውስጥ ሰው አልነበረም። «አገኘኸው?» አለች። ገና ቁልፉን እንኳ አላነሳችም።

«አገኘሁት፣ እማዬ። ግን ፊቱ የለም።»

ከፈትኩላት። አየችና «ይሄ ማነው?» አለች።

«ዘፋኙ ነው። ታሪኩ ብርሃኑ ነው። ይኸው፣ እሱ ነው የሚያንቀሳቅሰው። አርፈህ ያዝ ሲሉት እንቢ ብሎ…»

«ደግሞ ጀመርክ?»

«እውነቴን ነው፣ እማዬ። ቶሌራ ነው የነገረኝ። የፀሐይ ብርሃን ነው ብለሽ እንዳታልፊው፣ ጉንጩ ላይ እዪ።»

ነጠላዋን ከግንባሯ ገፋ አድርጋ ጎንበስ አለች። ብርሃኑ ከግንባሩ ወደ ጆሮው ዘለለ። ዘፋኙ ዓይኑን ጨፈን አደረገ። ብርሃኑ ትንሽ አረፈ፤ ሰው የተቆጣው ልጅ እንደሚያርፈው ማለት ነው። ከዚያ እንደገና ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ ከአገጩ ሥር። እናቴ እጇ ስልኩ ላይ ቀረ። ከዚያ ስልኩን እየተቆጣች፦

«አርፈህ ያዝ፣ አንተ ልጅ! ሰውየውን አሳወርከው እኮ!»

ሳቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋም አብሮ እየወረደ። እኔ የት እንደምገባ አጣሁ።

«እንደገና» አለች። ከፈትኩላት። «እንደገና።»

ከብዙ እንደገና በኋላ «ለእነዚያ ለምታስቃቸው ሰዎችም አሳያቸው» አለችኝ። ስልኩን ተቀብዬ ለጠፍኩ። ብዙ ልጽፍ አሰብኩ፤ የወጣልኝ ግን ይሄ ነው፦ «ዘፋኙን ተዉት። ብርሃኑን እዩ። ወንድሜ ነው።» ስልኩን መልሳ ወሰደችና ከመጀመሪያው ጀመረች።

መልእክቱ ከላይ ከላይ ይመጣ ጀመር። «አድሚን፣ የዛሬው ቀልድ አልገባኝም» የሚል ብቅ አለ። ጠፋ። ሌላ መጣ። «ነፍስ ይማር።» «የትኛው ነው ወንድምህ?» «አየሁት! አየሁት!» ከዚያ ተከታተሉ።

«ይሄ ላዩ ላይ የሚመጣው ጽሑፍ ምንድን ነው?» አለች እናቴ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ።

«ሰዎች ናቸው፣ እማዬ።»

«አንሳልኝ» አለች። «ልጄን ሸፈነብኝ።»

ዳታውን አጠፋሁት።